ድንኳኑ ብቻ አይበቃም
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ልምድ አካፍዪን» ሲሉኝ ስለ ሆስፒታል የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን የመረጥኩት በአንድ ሜዳ ላይ ስለተደረገ የዝማሬና የአምልኮ ዝግጅት መናገር ነው። ከመካከላችሁ ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ የወንጌል አማኝም እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይዟችሁ፣ ልሰብካችሁ አልቆምኩም። የማነሣው ጉዳይ ጸበል ቦታም፣ ጥምቀትም፣ መውሊድም፣ ኢሬቻም ላይ ያለ ነው፤ ሕዝብ በእምነቱ በተሰበሰበበት ቦታ የጤና ባለሙያ ሥራው ምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርበት ከተማ ያለ አንድ የወንጌል ተልእኮ ቡድን በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የሁለት ቀን የዝማሬ ፕሮግራም ሊያዘጋጅ ተነሣ። መዘምራን ተጋብዘዋል፣ መድረክና ሳውንድ ሲስተም ተከራይተዋል፣ ፈቃድ ተጠይቋል። እኔ ዘንድ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው። «ዶክተር፣ አንድ ድንኳን እንተክልልዎትና የመጀመሪያ እርዳታ ይስጡልን» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ግን ከድንኳኑ በፊት የኮሚቴው ስብሰባ ላይ ልቀመጥ ብዬ ጠየቅሁ።

ይህን ያስተማረኝ ቲቲፒ ነው። ጅማ የተማርን ሁሉ አንረሳውም አይደል? የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላብራቶሪ፣ የአካባቢ ጤና ተማሪ አንድ ጤና ጣቢያ አብረን ተልከን፣ አብረን በልተን፣ በአንድ ችግር ላይ ስንከራከር እናድር ነበር። በሽታ አልጋው ላይ ሳይሆን ምንጩ ላይ፣ መጸዳጃው ላይ፣ ሰው በሚሰማው ወሬ ላይ እንደሚጀምር ያየነው እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ የጠየቅሁት ስለ ፋሻና ስለ ግሉኮስ አልነበረም። «ሜዳው ስንት በር አለው?» ነበር ያልኩት። ሁለት አለው፤ አንዱ ግን በጄኔሬተርና በኤሌክትሪክ ገመድ ሊዘጋ ነው። ሰው በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 በላይ ሲሆን በፈለገው አቅጣጫ መንቀሳቀስ ይሳነዋል። በግፊያ የሚሞተውም ብዙውን ጊዜ ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨንቆ አየር አጥሮት ነው፤ ቆሞ እያለ እንኳ ሊሞት ይችላል። ጄኔሬተሩ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፣ በሕዝቡ መሃል መተላለፊያ ተከፈተ፣ የሚጠጣ ውሃ በየማዕዘኑ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ይህ ቀላሉ ነበር።

ድምፁ ላይ ክርክሩ ከረር አለ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ አዛውንት ናቸው፤ በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ በየሰው ቤት ተደብቀው ያመለኩ። «ልጄ፣ ያኔ በሹክሹክታ ዘምረናል። ዛሬም ድምፅ ቀንሱ ልትይን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚያ ትውልድ ድምፅ ማጉያ የነፃነት ምልክት ነው። ነገር ግን ከአጥሩ ማዶ ማዋለጃ ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ አለ፣ አለፍ ብሎ ደግሞ መስጊድ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በእንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ሕፃናት ደግሞ ሁልጊዜ ስፒከሩ ሥር ነው የሚቀመጡት! በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጡት እኚሁ አባት ናቸው። «ስፒከሩን ወደ ወንዙ በኩል አዙሩት፤ ምጥ ላይ ያለችው ትረፍ» አሉ። ፕሮግራሙም ከመግሪብ ሶላት በፊት እንዲያልቅ ተስማማን።

ከሁሉም የከበደው ግን ሦስተኛው ነው። እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ ለሕሙማን ይጸለያል፤ ሰዎች ወደ መድረክ ወጥተው «ተፈውሻለሁ» ብለው ይመሰክራሉ። እኔ አማኝ ነኝ፣ ስለ ታካሚዎቼም እጸልያለሁ። ሐኪምም ነኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዋርድ ውስጥ አይቻለሁ፣ እናንተም አይታችኋል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ራሱን ስቶ ይመጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ያቆመ ሰውማ መጀመሪያ ምንም አይሰማውም፤ እንዲያውም የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ስለሚቀርለት የዳነ ይመስለዋል። ቫይረሱ ግን በደሙ ውስጥ እንደገና እየተራባ ነው። ምስክርነቱ ሺህ ሰው ፊት ይሰጣል፣ መዘዙ ግን ከወራት በኋላ አንድ አልጋ ላይ ብቻውን ይመጣል።

ስለዚህ ለኮሚቴው አንድ ነገር ጠየቅሁ። የሚመሰክር ሰው ይመስክር፤ ነገር ግን ከመድረኩ «መድኃኒታችሁን አታቁሙ፣ ወደ ሐኪማችሁ ሄዳችሁ ተመርመሩ» ይባል። ቤቱ ጸጥ አለ። የቡድኑ መጋቢ «ዶክተር፣ ይሄ በሰው እምነት ላይ ውሃ መቸለስ አይሆንም?» አሉኝ። እኔም ኢየሱስ ለምጻሞቹን ሲፈውስ ወደ ካህን ሄደው እንዲታዩ ማዘዙን አስታወስኳቸው፤ በሕጉ መሠረት ለምጹ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እርስዎ ሳይሆኑ እኔ ነኝ የምናገረው። እርስዎ ቢሉት ለሙያዋ ተከራከረች ይላሉ» አሉ። በዚያ ስብሰባ ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ጥበብ ይህ ነበር።

አስተናጋጆቹንም ግማሽ ቀን አሠለጠንን። ሰው ሲንቀጠቀጥ ክብሪት አታሽቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መጸለይ የፈለገም ይጸልይ፤ አየር ብቻ አይከልክል።

ዝግጅቱ ተካሄደ። ድንኳናችን ውስጥ ያየነው ባብዛኛው ራስ ምታትና ወለምታ ነበር። በሁለተኛው ቀን መጋቢው ያን ቃል በሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ወዲያው አንዲት እናት ወደ ድንኳኑ መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ክኒን አሳዩኝ። «ዛሬ ልጥለው ነበር፤ መጋቢው ያሉት እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው እናቴ አልኳቸው። መልሰው ቋጠሩትና ወደ ዝማሬው ሄዱ።

እኚያ እናት ከእኔ ይህንኑ ምክር በክሊኒክ ስንት ጊዜ ሰምተው ይሆናል። ያን ቀን የሰሙት ግን የሚያምኑት ሰው፣ በሚያምኑበት ቦታ ስለተናገረው ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የማንኛውም እምነት ሰዎች «ድንኳን እንትከልላችሁ» ሲሏችሁ እምቢ አትበሉ፤ ነገር ግን ስብሰባው ላይ ወንበር ጠይቁ። የበሩ፣ የድምፁና የመድረኩ ቃል የሚወሰነው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን፣ የቲቲፒ ተማሪዎች በሚመደቡበት ወረዳ ያሉትን የሃይማኖት አባቶችና የበዓል አዘጋጆች አግኝተው፣ አብረው አንድ ገጽ የጤና ዕቅድ እንዲያወጡ ቢደረግ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሻይ እየጠጡ መነጋገር ነው።

መድኃኒት የምናዝዘው እኛ ነን፤ ይዋጥ አይዋጥ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እኛ በሌለንበት ነው። እንገኝ።