ለአሮጌ ኮምፒዩተር ቀላል ዴስክቶፕ ስለ መምረጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በየመጋዘኑ አቧራ ለብሰው ስለ ተቀመጡት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች ያደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ወራት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸውን አጡ። ስለዚህ ከዘረፋ የተረፈም ሆነ በእርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር፣ አርጅቷል ተብሎ በችኮላ የሚጣል አይደለም።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚጣሉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ መሰበራቸው አይደለም፤ የተጫነባቸው ከአቅማቸው በላይ ስለ ሆነ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የጥበቃ እድሳቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና አሮጌ ኮምፒዩተሮች የሌላቸውን የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል። ታዲያ ምን ይደረግ?

መልሱ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን ለዓለም ሲያስታውቅ የ21 ዓመት ተማሪ ነበረ። ሊኑክስን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ሊያባዛው፣ ውስጡንም መርምሮ ሊያሻሽለው ይችላል።

በሊኑክስ ዘንድ ውስጡና ገጽታው የተለያዩ ናቸው። ዴስክቶፕ የምንለው ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የምናየው ነው፤ ማለትም መስኮቶቹ፣ የፕሮግራሞቹ ዝርዝርና የፋይሎቹ ማስቀመጫ ነው። ሊኑክስን በቅሎ ብንለው ዴስክቶፑ ኮርቻው ነው። ያረጀች በቅሎ በብር ያጌጠ ከባድ ኮርቻ ቢጫንባት መንገደኛውን ሳታደርስ ትደክማለች። ኮርቻውን ግን መለወጥ ይቻላል።

ኖም የተባለው ዴስክቶፕ ያማረና የተሟላ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሚሞሪ ይወስዳል። ኖምን ይዞ የሚመጣው ኡቡንቱ 24.04 ለኮምፒዩተሩ 4 ጊጋባይት ይፈልጋል። ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ ኦሊቪየ ፉርዳን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ሲሆን፣ ቀለል ያለና ለጀማሪ የማያስቸግር ነው። ኤል ኤክስ ኪዩ ቲ ከሁለት ቀላል ዴስክቶፖች ኅብረት የተወለደ ነው፤ ሉቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይጠቀምበታል።

መሣሪያን ከገጽታው ጋር ማመጣጠን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ለኢትዮጵያ ሕፃናት የታደሉት ኤክስ ኦ የተባሉት ትንንሽ ላፕቶፖች 256 ሜጋባይት ሚሞሪ ብቻ ነበራቸው። በሊኑክስ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ሹገር የተባለ ለእነርሱ የተዘጋጀ ገጽታ ተሰጣቸው።

እንግዲህ ምርጫው እንዴት ይደረግ? እኛ የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት ወይም ባለ 32 ቢት መሆኑ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒዩተር መጫኛ የለውም፤ ዴቢያን 12 ግን አለው።

ሁለተኛ፣ ሚሞሪው ይታይ። 2 ጊጋባይት ላለው ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ ወይም ኤል ኤክስ ኪዩ ቲ ይስማማዋል። ከዚያ ላነሰው ኤል ኤክስ ኪዩ ቲ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ ተነሥቶ ይሞከር። ሲሞከርም ዴስክቶፑን አይቶ መዝጋት አይበቃም፤ ሊብሬ ኦፊስ ይከፈት፣ የመማሪያ መጽሐፍ ይነበብ፣ በአማርኛም ይጻፍ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፣ ቀላል ዴስክቶፕ መምረጥ ፊደላችንን አያስቀርብንም። ነገር ግን ቀላል ዴስክቶፕ ከባድ የኢንተርኔት ገጽን ቀላል እንደማያደርገው መታወቅ አለበት።

አራተኛውና ዋነኛው፣ ለአንድ ክፍል አንድ ዴስክቶፕ ይመረጥ፤ ምርጫውም በደካማው ኮምፒዩተር ልክ ይሁን። ጥሩ ጥሩው መሣሪያ ያማረ ገጽታ፣ ደካማው ሌላ ገጽታ ቢሰጠው መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ትምህርት ማስተማር ይኖርበታል። ቀድሞ የገባው ተማሪ ወደ ጥሩው ይሮጣል፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣው ደግሞ ዘወትር በደካማው ላይ ይቀመጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆኑ ግን የትም ቢቀመጥ ትናንት የተማረውን ዛሬ ያገኘዋል።

«አልጋ ሲሉት አመድ» የሚሉን ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን ጌጥን አንጠላም። ጌጡ የወንድማችንን ወይም የእኅታችንን ወንበር የሚያስቀር ከሆነ ይቆይ እንላለን። ወላጆችም «ልጆቻችን በመሥሪያ ቤት ዊንዶውስ ሲገጥማቸው እንግዳ አይሆኑምን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ስጋታቸው እውነት አለው። ሆኖም ደብዳቤ መጻፍ፣ ሰንጠረዥ መሥራትና ፋይል በሥርዓት ማስቀመጥ በአንዱ ከተለመደ ወደ ሌላው መሸጋገር አይከብድም። በተዘጋ መጋዘን ካለ ኮምፒዩተር ግን ማንም አንዳች አይማርም።

ስለዚህ ክቡራን መምህራን መጋዘኑን እንዲከፍቱልን፣ ወላጆችም በቤት የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒዩተር ቢኖራቸው ሳይጥሉ እንዲያስመረምሩት በትሕትና እንለምናለን። ከእኛ በኋላ የምትቀሩ ጓደኞቻችንም ሥራውን ተማሩትና ለታናናሾቻችሁ አስተምሩ። እኛ በዚህ ዓመት ተሰናብተን እንሄዳለን፤ ወንበሮቹ ግን ተማሪ እንዳይጎድልባቸው አደራ እንላለን።

ትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ ይኑረው!