ከሳሽንም ተከሳሽንም ያነበቡ ሰው

የተከበራችሁ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ አመራሮችና መምህራን፣ የደቡብ ኦሞ የአገር ሽማግሌዎች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ! እንኳን ደስ አላችሁ!

ወደ መድረኩ ስመጣ አንድ አባት አየሁ። የፕላስቲኩን ወንበር ለአንዲት እናት ለቀው፣ እሳቸው በርኮታቸው፣ በትንሿ የእንጨት መቀመጫ ላይ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጥቁር ጋዋኑን ለብሶ በፊታቸው ሲያልፍ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተናጋሪው መለሱ። ተቀምጦ መስማት የለመደ ሰው ያስታውቃል። እኔም ዛሬ የማነሣላችሁ፣ ትልቁን ሥራቸውን ተቀምጠው የሠሩ ሰው ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይባላሉ።

በ1923 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሸንኮራ ተወለዱ። አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያ ካይሮ ሄዱ፤ በመጨረሻም ጀርመን፣ ቱቢንገን ገብተው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ደርግ ሲመጣ ያመኑበትን በግልጽ ተናገሩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኮሱባቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን ዳግመኛ አልቆመም። ለሕክምና እንደወጡ በዚያው ስደተኛ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት፣ 45 ዓመት ሙሉ ኑሯቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነበሩ፤ ሥራ ያገኙት ግን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የካቶሊክ መነኮሳት ባቋቋሙት የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ እዚህ ኢትዮጵያ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ነበር፤ ቁጥራቸው ከ9000 አለፈ። የፊልሙ ቅጂ ወደ ሚኒሶታ ይላክ ነበር። ፕሮፌሰሩ አንድ በአንድ እያዩ ይመዘግቡ ነበር፦ ምን መጽሐፍ ነው? ስንት ቅጠል አለው? ማን ጻፈው? ማን አጻፈው? በኅዳጉ ላይ የመሬት ሽያጭ ውል ቢኖር እሱንም ያነሡ ነበር። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠራውን የአንድ ጸሓፊ ስም አንብበው መዝገብ ውስጥ ያስገቡት ነበር። ይህን ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ እንደሠሩ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተርን ሽልማት አገኙ።

ተመራቂዎች፣ እኔ ግን የመጣሁት ሽልማታቸውን ልቆጥርላችሁ አይደለም። አንድ ነገራቸውን ብቻ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ ነው።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መናፍቃን ናቸው ብለው አሳደዷቸው። ተደበደቡ፣ ተወገሩ፣ ምላስና አፍንጫቸው ተቆረጠ። የቤተ መንግሥቱ ክስ በየመጽሐፉ ተጽፎ ቀረ። የተከሳሾቹ ቃል ደግሞ እነሱና ደቀ መዛሙርቶቻቸው በጻፉት ገድል ውስጥ ተሸሽጎ ኖረ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ድርሰት፣ ጦማረ ትስብእትን፣ አርመውና ተርጉመው አሳተሙ። የንጉሡን ቃል እንደ ንጉሡ አድርገው አቀረቡት። ቀጥለው ደግሞ ንጉሡ ያሳደዷቸውን መነኮሳት ገድል ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. አወጡት፤ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» አሉት። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ወንበር፣ ያው አንድ መነጽር። ከሳሽንም አነበቡ፣ ተከሳሽንም አነበቡ።

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» እንላለን። የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ያወገዘቻቸው ሰዎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት «በሕግ አምላክ» ሲሉ፣ እኚህ አማኝ ሰምተው ቆሙላቸው። ጆሮ መስጠት ሃይማኖትን መካድ መስሎ አልታያቸውም። እኔ እምነታቸውን የማውቀው በዚህ ነው። ጥይት የተተኮሰበት ሰው ቂሙን ይዞ አንዱን ወገን ብቻ ቢሰማ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን አላደረጉትም።

ቤታቸውም የተማረ ቤት ነበር። ከባለቤታቸው ጋር በስደት ያሳደጓት ልጃቸው ሶስና ዛሬ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስ ፕሮፌሰር ናት፤ በነዳጅ ሴል ምርምር ስሟ የታወቀ ነው። በፈረንጅ ወግ ሶስና ኃይሌ ትባላለች። እኛ ብንሆን ሶስና ጌታቸው ነበር የምንላት። እነሆ የአያቷ ስም ከሸንኮራ ተነሥቶ በሳይንስ መጽሔት ላይ ይታተማል። አባት ብራና ሲያነብ ያየች ልጅ ወደ ብራና አልሄደችም፤ ትዕግሥቱን ግን የወሰደች ይመስለኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የደቡብ ኦሞ ሰው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ቱሪስቱ ቁልፉን ይጫናል፣ ብሩን ይከፍላል፣ ይሄዳል። ፎቶው በየአገሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ግን ስም የለም። ፕሮፌሰሩ የሞተ ጸሓፊ ስም ከፊልም ውስጥ ፈልገው ሲያወጡ፣ እዚህ የቆመ ሰው ስሙን የሚጠይቀው አጥቶ ፎቶ ይነሣል።

የጠየቁም አሉ። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል የሚባሉ ተመራማሪዎች ሐመር መጥተው ከሐመሩ ሰው ከባልዳምቤ ጋር ተቀመጡ። እሱ ስለ ሕዝቡ የተናገረውን ቀድተው በ1979 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አደረጉት፤ የባልዳምቤ ስም ከርዕሱ ላይ አለ። መልካም ሥራ ነው። ግን መጽሐፉ የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። ይህንን ለሐመር ልጅ በሐመርኛ መልሶ የሚያነብለት ማን ነው? በወይጦ ዳር ኦንጎትኛ በጥቂት አዛውንቶች አፍ ብቻ ቀርቷል። ከአፋቸው የሚቀበለው ማን ነው? ዲግሪውን ዛሬ የምትይዙት እናንተ ናችሁ።

ሁላችሁም ተመራማሪ አትሆኑም። አንዳንዶቻችሁ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትቀመጣላችሁ። አራሹና አርብቶ አደሩ በአንድ ውኃ ተካሰው ይመጣሉ። ቀድሞ የደረሰው፣ አማርኛ የሚቀናው፣ ዘመድ ያለው ጮክ ብሎ ይናገራል። ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ጊዜ እኚህን ሰው አስታውሷቸው፤ በር ላይ ያለውን አስገቡት። አንዳንዶቻችሁ ነርስ፣ አንዳንዶቻችሁ መምህር ትሆናላችሁ። እናንተ የተማራችሁበትን ቋንቋ የማይችል ሰው ፊታችሁ ሲቆም፣ የሚለውን ሰምታችሁ ሳትጨርሱ መልስ አትስጡ።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ፣ ድግሱ ሲያበቃና እንግዳው ሲሸኝ፣ እንደ እኚያ አባት ያሉ አዛውንት በርኮታቸው ላይ ይቀመጣሉ። እናንተም ጋዋኑን አውልቁና ከበርኮታው ዝቅ ብላችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ የአያታቸውን ስም ቢሆን እንኳ። መልሱን በወረቀት ጻፉት፤ ከሥሩ የተናገረውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ቦታውን አድርጉ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ትምህርታችሁ ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።

አምላክ የፕሮፌሰር ጌታቸውን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ የእናንተንም መንገድ ያቅናላችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!