ውሃው የገባው ሌላ ቦታ ነው

ከእድራችን መዋጮ ጉዳይ ቀጥሎ ስለ ጣራ ጥቂት እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁኝ እንጀራዬ ከሚስማርና ከቆርቆሮ ነው። ዛሬ ግን ሥራ ፍለጋ አልቆምኩም፤ እንዲያውም የምለውን ብትሠሩበት እኔ የምጠራበት ቀን ይቀንሳል።

ግንቦት ተጋምሷል። ሰኔ ከገባ በኋላ ቆርቆሮ የሚመታ ባለሙያ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። ስልኩ አይነሳም፤ ከተነሳም መልሱ «ነገ» ነው፤ ከመጣም በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ደህና ሥራ አይሠራም። ጣራ የሚታየው አሁን፣ ፀሐይ እያለ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ክረምቱ ምን አበላሽቶ እንደሄደ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና።

የምናወራው ስለ ስንት ውሃ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። ሚሊ ሜትር ሲባል ለጆሮ ትንሽ ነው። ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ጣራው 50 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በሁለቱ ወራት 25,000 ሊትር ውሃ ይሸከማል ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,250 ጀሪካን! ከመቶው አንድ እጁ ብቻ ሾልኮ ቢገባ እንኳ አሥራ ሁለት ጀሪካን ተኩል አልጋና ቁም ሣጥን ላይ ተደፋ። ጠቢቡ ሰሎሞን የሚያፈስ ቤትንና ጨቅጫቃ ሚስትን አንድ አድርጎ ጽፏል። እኔ በሥራዬ ከገባሁባቸው ቤቶች እንደታዘብኩት ግን ጭቅጭቁ የሚመጣው ከፍሳሹ በኋላ ነው፤ እናቶች ይፍረዱኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ውሃው የሚገባበት ቦታ አንድ አይደለም። ይህን ባለማወቅ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ውሃ በአንዲት የላላች ሚስማር ዳር ይገባል። ከገባ በኋላ ወዲያው አይወድቅም፤ የቆርቆሮውን ሆድ ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። ማገር ሲያገኝ በማገሩ ጎን ይንሸራተታል፤ የመብራት ሽቦ ሲያገኝ ሽቦውን ይከተላል፤ የእንጨት ቋጠሮ ሲያስቆመው ያን ጊዜ ይንጠባጠባል። እኛ የምናየው የመጨረሻዋን ጣቢያ ነው።

እዚሁ ሰፈራችን ያለ አንድ ቤት ምሳሌ ይሁነን፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። ክረምት በገባ ቁጥር አልጋው ራስጌ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል። ከአልጋው ትይዩ ያለው ቆርቆሮ በየዓመቱ ሬንጅ ይቀባል፤ ሬንጁ በሬንጅ ላይ ተደራርቦ ጣት ያህል ወፍሯል፤ ፍሳሹ ግን ንቅንቅ አላለም። ከውስጥ በባትሪ ብርሃን ስከተለው ማገሩ ላይ ቡናማ መስመር አገኘሁ። መስመሩ ሽቅብ ወደ ጣራው አናት ይሄዳል። ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የዲሽ መቆሚያ አለ። ዲሹን የተከለው ልጅ በቆርቆሮው ቦይ ውስጥ አራት ቦታ በስቶ በብሎን አስሮታል፤ ጎማ የሚባል ነገር አላደረገበትም። ቦይ ማለት ውሃ የሚወርድበት መንገድ ነው። መንገዱ ላይ ቀዳዳ ከተከፈተለት ውሃ ሌላ ምን ያድርግ? እግረ መንገዴን ዲሽ ለምትተክሉ ልጆቻችን ልንገራችሁ፦ ዲሽ ግድግዳ ላይ ወይም መሬት በተተከለ ብረት ላይ ይታሰራል እንጂ ቆርቆሮ ቦታው አይደለም።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከቤት ውስጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መሰላል አያስፈልግም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በርና መስኮት ዝጉ፤ መብራት አጥፉ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ፤ ከዚያ ወደ ላይ ተመልከቱ። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከሆነ እያንዳንዷ ቀዳዳ የብርሃን ነጥብ ሆና ትታያለች። በነጥቧ አጠገብ ያለውን እንጨት በጠመኔ ወይም በከሰል ምልክት አድርጉበት፤ ሠሪው ሲመጣ መፈለግ አይኖርበትም። ኮርኒስ ካለ ብርሃኑ አይታይም፤ ያኔ የሚፈለገው ጠርዙ ቡና የመሰለ ክብ ነጠብጣብ ነው። ክቡ አንድ ብቻ ከሆነና ከደረቀ የቆየ ሊሆን ይችላል። ክብ በክብ ላይ ከተደራረበ ግን ውሃው እየተመላለሰ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ደግሞ ሆዱን ነፍቶ ይወርዳል፤ በጣታችሁ አትውጉት፤ ከላይ ያለው ውሃና አቧራ አንድ ላይ ይወርድባችኋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ። እርጥበቱ አምፖል ወይም ሶኬት አጠገብ ከሆነ ከምንም በፊት ብሬከሩን አውርዱ። የተነፋ ኮርኒስ ለነገ ይደርሳል፤ ውሃ የገባበት ሽቦ አይደርስም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር የቆርቆሮ ላብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰሞን፣ ጠዋት ከጣራው ጠብ ጠብ ይላል። «ሳይዘንብ አፈሰሰ» ብለው የጠሩኝ ሰዎች አሉ። ይህ ፍሳሽ አይደለም። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽና የምጣዱ እንፋሎት ሽቅብ ወጥቶ ቀዝቃዛው ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። የሚለየው እንዲህ ነው፦ ላብ በጣራው ሁሉ ላይ ተበታትኖ ያንጠባጥባል፤ ፍሳሽ ቦታ ይመርጣል። የላብ መድኃኒቱ አየር ማስገቢያ እንጂ ሬንጅ አይደለም።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ፤ ገና መሰላል አላነሳንም። እኛ ሽሮ ሜዳዎች ዳገት ላይ በመኖራችን በእግራችን ብንቸገርም ለጣራ ግን ታድለናል። የእኔን ጣራ ከእኔ ይልቅ ከላይ ያለው ጎረቤቴ አሳምሮ ያየዋል፤ እኔም ከታች ያለውን እንዲሁ። የላይኛው ጎረቤት ከግቢው ሆኖ የታችኛውን ጣራ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቢሰጠው ግማሹ ምርመራ አለቀ። ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት፦ የተነሳ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ ቀይ ዝገት፣ አናቱ ላይ የተደፋው ላሜራ የተገነጠለበት ወይም ድንጋይ የተጫነበት ቦታ።

ድንጋይ ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ቆርቆሮ ንፋስ እንዳይወስደው ብሎ ድንጋይና የመኪና ጎማ መጫን የተለመደ ነው። ከድንጋዩ ሥር ቅጠልና አፈር ይጠራቀማል፤ እርጥበቱ አይደርቅም፤ ቆርቆሮው ከዚያ ይበሰብሳል። ድንጋዩ የሚነግረን ሚስማሩ እንደላላ ብቻ ነው። ሚስማሩን ማጥበቅ እያለ ድንጋይ መጫን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስንፍና ነው።

ሚስማር ለምን ይላላል? ቆርቆሮ እንደ ብረትነቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሌሊት 10 ዲግሪ የነበረ የሁለት ሜትር ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ 50 ዲግሪ ቢደርስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ማታ ተመልሶ ያጥራል። ይህ በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ሚስማሩን እየነቀነቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችው ጎማ ደግሞ በፀሐይ ትደርቃለች፤ ትሰነጠቃለች፤ ተሰባብራ ትወድቃለች። ብዙ ቤት የሚያፈሰው በዚህ ነው፤ ቆርቆሮው ራሱ ደህና ነው። ባለቤቱ ግን ቆርቆሮ ሊቀይር ገንዘብ ያጠራቅማል።

ወጣ ያለ ሚስማር ስታዩ በመዶሻ መልሳችሁ አትምቱት። ቀዳዳው ሰፍቷል፤ እንጨቱም አይዘውም፤ በመጪው ንፋስ ተመልሶ ይወጣል። መነቀል አለበት። በምትኩ ረዘምና ወፈር ያለ ሚስማር ወይም ባለ ጎማ ብሎን ይገባል። ቦታውም ጉብታው ላይ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ፈጽሞ አይመታም። ጎማዋ ተጨፍልቃ እስክትጠፋ ድረስ መምታትም መልካም አይደለም፤ ተጠግታ መቀመጧ ይበቃል።

ዝገትን በሁለት ክፈሉት። ነጭ ዱቄት የመሰለው የዚንክ ሽፋኑ መበላት ጀመረ ማለት ነው፤ ጊዜ አለ፤ ተጠርጎና ታጥቦ ፀረ ዝገት ቀለም ቢቀባ ይቆያል። ቀዩ ግን ብረቱ ራሱ ነው። ቀዩን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ከጸና ይፋቅና ይቀባ። ከተበሳ ያ ቆርቆሮ ይቀየር፤ በሬንጅና በፌስታል አትድፈኑት። ሬንጅ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል፤ ዝገቱም ተሸፍኖ ይቀጥላል። ስትገዙም ጌጁን ጠይቁ፦ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ቁጥር ከ28 ቁጥር ይሳሳል እንጂ አይበልጥም።

አሸንዳ! የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፈው እኛ ላይ ነው። ቅጠሉ አሸንዳ ውስጥ ይተኛል፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ በረዶው በላዩ ይሞላል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ይገባል። ብዙዎቻችን የጭቃ ቤት ነው ያለን። ከአሸንዳ የሚተርፈው ውሃ ግድግዳው ሥር ሲመታ ምርጉ ይላቀቃል፤ የቋሚው እግር ይበሰብሳል። የግድግዳችሁ የታችኛው ክፍል በአንድ በኩል ብቻ ከረጠበ ሽቅብ አሸንዳውን ተመልከቱ። ሲጸዳም አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበትና ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ መሐሉ ላይ ከተኛ አሸንዳው ጎብጧል።

እንጨቱንም እንዳትረሱ። ማገርና ወራጁን በዚያው ካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉ። ሳይታገል ከገባ በስብሷል፤ እንዲህ ባለ ጣራ ላይ ማንም እንዳይወጣ።

መውጣት ግድ ከሆነ ደግሞ ቃሌን አጠንክሬ እናገራለሁ። «ቀለል ያለ ነው» እየተባለ ልጅ ጣራ ላይ አይላክም፤ ኳስ ለማውረድም ቢሆን። ማንም ብቻውን አይውጣ፤ ከታች መሰላል የሚይዝ ሰው ይኑር። መሰላሉ አራት ሜትር ከፍ ካለ እግሩ አንድ ሜትር ከግድግዳው ይራቅ። ጤዛ ሲደርቅ ይወጣል፤ ደመና ሲከብድ ይወረዳል። የሚረገጠው የሚስማሩ መስመር ነው፤ ከሥሩ ማገር ያለው እዚያ ነውና። ከሁሉ በፊት ግን ሽቅብ ተመልከቱ፦ በሰፈራችን የመብራት መስመር ጣራ ታክኮ የሚያልፍባቸው ቤቶች አሉ። ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ከነካ ቆርቆሮው ሁሉ መብራት ይይዛል። እንዲህ ያለ ቦታ ስታዩ አትውጡ፤ ለመብራት ኃይል አመልክቱ።

በቀበሌ ቤት የምትኖሩ፣ አንድ ጣራ ለሁለትና ለሦስት ቤት ሆኖባችሁ «የማን ድርሻ ነው» እየተባለ ዓመት እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ከመነካካታችሁ በፊት ለወረዳው በጽሑፍ አሳውቁ፤ ፎቶውንም አያይዙ። ከተጋሪ ጎረቤታችሁ ጋር ግን ዛሬውኑ ተነጋገሩ፤ ውሃው ድርሻ አያውቅም።

ለመለማመጃ ደግሞ ቦታ አለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የተቀመጡበት የእድራችን ዕቃ ቤት ጣራ ለብዙ ጊዜ አልታየም። ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋግረን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አብረን ልናየው ተስማምተናል። መሰላልና ካቻቢቴ እኔ አመጣለሁ። ከላይኛው ግቢ ፎቶ የሚያነሳልን አንድ ወጣት ያስፈልገናል። ቅጠሉን የምንጠርግበት መጥረጊያና አንድ ባልዲ ውሃ ደግሞ ከቅርብ ቤት ይምጣ። ጣራ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ሌላው ከታች ሆኖ ይመለከታል። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።