ሻንካር ናግ፦ ቋንቋውን በሥራ ያስከበረ ወጣት



እስኪ ዛሬ ስለ አንድ ህንዳዊ ላጫውታችሁ። የህንድ ፊልም ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው በሂንዲ የሚሠራውን የቦምቤውን ነው አይደል? በደቡብ ህንድ፣ በካርናታካ ግዛት ግን ካናዳ የሚባል ቋንቋ አለ። ከአገሩ ካናዳ ጋር አታምታቱት! የራሱ ፊደልና የራሱ ፊልም ያለው ቋንቋ ነው።

ሻንካር ናግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ተወለደ። በቦምቤ በማራቲ ቋንቋ ቴአትር ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1978 ጊሪሽ ካርናድ ባዘጋጀው የካናዳ ፊልም ላይ ተወነ። በዚያ ፊልም በህንድ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወሰደ። በ1980 «አውቶ ራጃ» በተባለው ፊልም የባጃጅ ሹፌር ሆኖ ሠራ። የባንጋሎር ባጃጅ ነጂዎች ዛሬም ድረስ ፎቶውን መኪናቸው ላይ ይለጥፋሉ።

ዝና ካገኘ በኋላ ምን አደረገ መሰላችሁ? ያን ጊዜ የካናዳ ፊልም ሠሪዎች ድምፅ ለመቅዳት እስከ ማድራስ ይሄዱ ነበር። እሱ ባንጋሎር ላይ «ሳንኬት» የተባለ የድምፅ ስቱዲዮ አቋቋመ። «የሰው ደጅ ጠናን» ብሎ ማማረር እኮ ቀላል ነበር! በ1985 «አክሲደንት» የተባለውን ፊልም አዘጋጅቶ፣ ሰክሮ እየነዳ መንገድ ዳር የተኙ ድሆችን የጨፈለቀን የፖለቲከኛ ልጅ ጉድ አወጣ። የአር ኬ ናራያንን «ማልጉዲ ዴይስ» ለመላው ህንድ በሚተላለፈው ቴሌቪዥን ሲሠራ ደግሞ ካሜራውን ይዞ ወደ ካርናታካዋ ትንሽ መንደር፣ ወደ አጉምቤ ሄደ።

አሁን ልብ በሉልኝ፦ ካናዳ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። ቤተሰቡ የሚናገረው ኮንካኒ ነበር። ሕዝቡ ግን «የኛ» አለው። ለምን? ስለሠራለት!

ሴፕቴምበር 30 ቀን 1990፣ ወደ ቀረጻ ሲጓዝ በመኪና አደጋ ሞተ። ገና 35 ዓመቱ ነበር። አብራው የነበረችው ባለቤቱ አሩንዳቲ ተጎድታ ተረፈች። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በስሙ «ራንጋ ሻንካራ» የተባለ ቴአትር ቤት ባንጋሎር ላይ አስገንብታ በ2004 ከፈተች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቋንቋዬን እወዳለሁ የሚል ሁሉ ራሱን ይጠይቅ፦ በዚህ ቋንቋ ምን ሠራሁ? ጩኸት በማግሥቱ ይረሳል። ስቱዲዮው፣ ፊልሙ፣ ቴአትር ቤቱ ግን ለሚቀጥለው ልጅ ይተርፋል። ዕድሜ ደግሞ አይለመንም፤ 35 ዓመትም ለሠራበት ሰው ይበቃል።