ስለ ሰውነታችን ኅብረ ሕዋሳትና ስለ አንዲት አባላችን እግር

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ሊቀመንበራችን «በሚቀጥለው ወር ስለ ሰው አካል የምታስተምረን ሒሳብ ሠራተኛችን ናት» ሲሉ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የተማርኩት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው፤ ሐኪምም ነርስም አይደለሁም። ነገር ግን ርእሱን የጠየቅሁት እኔው ነኝ። የጠየቅሁትም በመዝገባችን ውስጥ ያገኘሁት አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ሰውነታችን እናውራ።

ከምናውቀው ልጀምር። ጥጥ ስንፈትል አንዲት ክር ብቻዋን ምንም አትሆንም፤ በጣት ትበጠሳለች። ድርና ማግ ሆና ስትሸመን ግን ጋቢ ትሆናለች፤ የክረምቱን ብርድ ትመክታለች። የሰው አካልም እንዲሁ ነው። ትንሿ ክር ሕዋስ ትባላለች፤ በዓይን አትታይም። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሕዋሳት ተባብረው ሲሸመኑ ኅብረ ሕዋስ ይባላሉ። ኅብረ ሕዋሳት ደግሞ ተጣምረው ልብን፣ ጨጓራን፣ ኩላሊትን፣ ማኅፀንን ይሠራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እዚህም ይሠራል።

የሰው ኅብረ ሕዋሳት በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛው ሸፋኝ ኅብረ ሕዋስ ነው። የላይኛው ቆዳችን፣ የአፋችን፣ የሆድ ዕቃችንና የመተንፈሻችን የውስጥ ገበር ከእሱ ነው። ሥራው እንደ ቤት ግድግዳና በር ነው፤ የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይከለክላል። የላይኛው ቆዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከሥር አዲስ ሕዋስ እየተተካ ከላይ ያረጀው ይራገፋል፤ በአንድ ወር ገደማ ይታደሳል። ቆዳችን ከሁሉ የሚወፍረው በውስጥ እግራችን ላይ ነው። ነገር ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳ ከተሰነጠቀ ነፋስም ውኃም እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ነው። አጥንት፣ ጅማት፣ ስብ፣ ደምም ሳይቀር ከዚህ ይቆጠራሉ። አንዱ ይደግፋል፣ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ያከማቻል፣ አንዱ ያመላልሳል። ያደገ ሰው 206 አጥንት አለው። ቁስል ሲድን የሚቀረውን ጠባሳ የሚሠራልንም ይኸው ነው። ጠባሳ ይጠግናል፤ ሲበዛ ግን ያጠብቃል፣ ያደነድናል። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሦስተኛው የጡንቻ ኅብረ ሕዋስ ነው። እሱም ሦስት ዓይነት ነው። እንስራ ስንሸከም፣ ስናርም፣ ስንራመድ የሚያገለግለው በፈቃዳችን የሚታዘዝ ጡንቻ ነው። ሁለተኛው የልብ ጡንቻ ነው፤ ተኝተንም አያርፍም፣ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። ሦስተኛው በአንጀትና በማኅፀን ግድግዳ ያለው ነው፤ እኛን ሳያስፈቅድ ይሠራል። የወለዳችሁ ሁሉ ምጥ ሲመጣ ጉልበቱን አይታችኋል።

አራተኛው የነርቭ ኅብረ ሕዋስ ነው። አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰርና በመላ አካላችን የተዘረጉት ነርቮች ናቸው። ምጣዱ እጃችንን ሲለበልበን ወዲያው የምንስበው በእነሱ ነው። ሕመም ራሱ መልእክት ነው፤ «እዚህ ቦታ ጉዳት አለ» ይላል።

አሁን ወደ እግራችን እንውረድ፤ አራቱም ኅብረ ሕዋሳት እዚያ አሉ። በአገራችን አራቱንም አንድ ላይ የሚጎዳ በሽታ አለ። እናንተ ዝሆኔ ትሉታላችሁ። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን የሰጠው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት የተወሰደ ነው።

ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ነው። የእኛ የደጋው ግን ከትንኝ አይመጣም፤ ከቀይ አፈራችን ነው። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ፣ ዝናብ በብዛት የሚወርድበት ቀይ አፈር በጣም ደቃቅ የማዕድን ብናኝ አለው። በባዶ እግር ዓመት ከዓመት የሚሄድ ሰው ብናኙ በቆዳው ውስጥ ይገባል። ሸፋኙ ግድግዳ መጀመሪያ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያስ? በሥጋችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ይሄድባቸዋል። ከደም ሥር የሚያፈተልከውን ውኃ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት እነሱ ናቸው። በማሳችን ጥግ የምናወጣውን የውኃ መውረጃ አስቡት። ብናኙ እነዚህን ቦዮች ያስቆጣል፤ ቦዮቹ ይቆስላሉ፤ አያያዡ ኅብረ ሕዋስ ሊጠግን ሲመጣ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ቦዩን ያጠበዋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህ ነው። መውረጃው ሲደፈን ውኃው ማሳው ላይ ይተኛል። እግር የሚያብጠው በዚህ ነው። ቆይቶም ቆዳው ይወፍራል፣ ይጓጉላል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ይገባል፤ ሽታውም ከዚያ ነው።

ባት ላይ ያለው ጡንቻ ደግሞ በምንራመድበት ጊዜ ቦዮቹን እየጨመቀ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። በሽተኛዋ አፍራ ቤት ስትቀመጥ ይህ ረዳት ሥራ ይፈታል። እብጠቱም ይብሳል። ነርቮቹስ? እነሱ ገና ከመጀመሪያው ይናገራሉ፤ የእግር ጣቶች አካባቢ ማሳከክና ማታ ማታ የማቃጠል ስሜት ቀዳሚ ምልክቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ የሚሰማቸው ሰው ካገኙ በሽታው ገና ሳይገፋ ይያዛል።

ይህ በሽታ አይጋባም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ ጫማ በመዋዋስ አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። «በዘር ነው» የሚባለው ግን ግማሽ እውነት አለው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በወላይታ ባደረጉት ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ ብናኝ የበለጠ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይተዋል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው እንጂ በሽታው አይደለም። ተጋላጭ የሆነ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ከለበሰና እግሩን ከታጠበ አይታመምም። ስለዚህ «የእነ እገሌ ዘር» እያልን ልጅ መዳር የምንከለክለው ያለ እውቀት ነው።

ይህን ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አታድርጉት። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት የተደረገው በእኛው በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ነው። በ20 ቀበሌዎች 17,553 ቤቶች ተቆጥረዋል። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል የተገኘው 3.3 በመቶ ነው፤ ከ100 ሰው ከ3 በላይ ማለት ነው። ከታመሙት 87 በመቶው ከ15 እስከ 64 ዓመት የሆኑ፣ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሕክምና የፈለጉት እብጠቱ ከጀመረ በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ሲጠየቁ ባዶ እግራቸውን ከነበሩት ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ሴቶች ነበሩ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለ እግሩ ቀልቶ የሚያስተኛው ሕመም ሲደመር በዓመት በአማካይ 90 ቀን ይወስዳል።

90 ቀን! እኔ ቁጥር ሳይ ማስላት ልማዴ ነው። የቀን ሥራ 200 ብር ነው ብንል 18,000 ብር ማለት ነው። ይህ ወጪ ግን በማንም መዝገብ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ገባሁላችሁ ቃል ልመለስ። ባለፈው ዓመት የማኅበራችንን ሒሳብ ስዘጋ አንዲት አባል ከ24 ስብሰባ 11 ጊዜ ቀርታ አገኘሁ። ደንባችን ለአንድ ቀሪ 10 ብር ይላል። 110 ብር ቅጣት ጻፍኩባት። የበግ መግዣ ብድር ስትጠይቅ ደግሞ «የመገኘት ጉድለት አለባት» ብዬ ለኮሚቴው ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ብድሩ ተከለከለ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ አንድ ሳንቲም አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ቅጣቱን ልቀበል ቤቷ ሄድኩ። እግሯን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣ አገኘኋት። ከመዝገቡ ጋር ሳስተያየው የቀረችባቸው ቀናት እግሯ የሚያገረሽባቸው ቀናት ነበሩ። የቀሩት ደግሞ «ይሸታል ብላ አጠገቤ የነበረችው ተነስታ ሌላ ወንበር ያዘች» ብላ የቀረችባቸው ናቸው። ማን እንደተነሳች አልነገረችኝም። እኔ ግን እኔ እንዳልሆንኩ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ስሟን አልጠራም፤ ይህን የምናገረው ፈቅዳልኝ ነው።

አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። የተነገረን ነገር ቀላል ነበር። በየቀኑ እግርን በንጹሕ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ጀርም የሚገድል መድኃኒት በባለሙያው ልክ ተበጥብጦ እግርን በሳፋ መንከር፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ባለሙያው ባሳየው መንገድ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ትኩሳቱ በተነሳ ጊዜ ግን ፋሻውን ፈቶ፣ አርፎ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አሁን የተናገርኩትን አስቡት፤ ሳሙናውና ቫዝሊኑ ግድግዳውን ይጠግናሉ፣ ፋሻውና እንቅስቃሴው የተደፈነውን መውረጃ ያግዛሉ።

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጎ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ታትሟል። እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች፣ ካልጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የሚያገረሽባቸው ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል። ቆይቶ የጓጎለ እግር እንደ ድሮው አይሆንም፤ ይህን ልዋሻችሁ አልፈልግም። ገና የጀመረው ግን ሊመለስ ይችላል፤ የቆየውም ይቀላል፣ ሽታው ይጠፋል። የእህታችን ሽታ በጥቂት ሳምንት ጠፍቷል። እብጠቱ ገና አለ።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሕመም የቀረች አባል አትቀጣ፤ በደንቡ «በቂ ምክንያት» ከሚለው ሥር «ሕመም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የተወሰደባት 110 ብርም ይመለስ፤ ብድሩም እንደገና ይታይ።

ሁለተኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዳችን ለሳሙና፣ ለቫዝሊንና ለካልሲ በየወሩ ጥቂት ይመደብ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ከእያንዳንዳችን በወር 5 ብር ቢጨመር ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን ገና ዳዴ ከማለት እንደተነሱ ጫማ ይልበሱ። ለበዓል ብቻ የሚቀመጥ ጫማ አፈሩን አይከላከልም። ለእርሻም፣ ለውኃ ቀጂም፣ ለከብት ጠባቂም ይሁን። ወንዱ ልጅ ጫማ ሲገዛለት ሴቷ አትቅር።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን በረንዳው ላይ ሳፋና ሳሙና ይዘው እየጠበቁን ነው፤ እግር አስተጣጠቡን ያሳዩናል። ጣቷን የሚያሳክካት ወይም ማታ የሚያቃጥላት ካለች ዛሬውኑ ትጠይቃቸው። እንዳታፍሩ መጀመሪያ ጫማዬን የማወልቀው እኔ ነኝ። እህታችንም መጥታለች፤ ከጎኔ ትቀመጣለች።