የሞተር ጩኸትና ንዝረት በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ላይ
(በልደታ፣ አዲስ አበባ፣ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ በልደታ ነበር፤ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ወዲህም የከተማው ቀላል ባቡር በዚህ ያልፋል። ስለዚህ የልደታ ሰው ስለ ጩኸትና ስለ ንዝረት አስረጅ አያሻውም። ዶሮ ግን አቤት ማለት አትችልም፤ አቤቱታዋ የሚነበበው በእንቁላሏ ቅርፊት ላይ ነው።

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ቅርፊቱም የሚሠራው ቀስ በቀስ፣ 20 ሰዓት ያህል ፈጅቶ፣ አብዛኛውም በሌሊት ነው። ቅርፊቱ ገና ስስ ሳለ፣ ከቀትር በኋላና ወደ ማታ፣ ዶሮዎቹ ደንግጠው ቢተረማመሱ እንቁላሉ በሆድ ውስጥ ይሰነጠቃል። ዶሮዋ በላዩ ኖራ ጨምራ ብትጠግነውም በወገቡ ላይ እብጠት ይቀራል፤ ጥንካሬውም ይጓደላል። በማግሥቱ ባለቤቱ ጥፋቱን ከመኖው ወይም ከበሽታ ይፈልጋል፤ ለመድኃኒትም ገንዘቡን ያወጣል። ጥፋቱ ግን ከሞተሩ ሊሆን ይችላል።

ዶሮ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ከ20 ሄርትዝ በታች ያለ ድምፅ እንኳ ትሰማለች፤ በእግሮቿም ንዝረት የሚለዩ ሕዋሳት አሏት። ስለዚህ የመካኒኩ «እኔ አልሰማሁም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ጄኔሬተር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይነዝራል። ከዶሮ ቤቱ ጋር በአንድ ኮንክሪት ላይ በብሎን ከታሰረ ወለሉም ጎጆውም አብረው ይነዝራሉ።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛው፣ ሞተሩን በተለየ መሠረት ላይ፣ በጎማ ወይም በሞላ ማስቀመጥ ነው። የሞላው የራሱ ንዝረት የሞተሩን ሲሶ፣ ማለትም 8 ሄርትዝ ያህል ከሆነ፣ ወደ መሠረቱ የሚያልፈው ኃይል ወደ ስምንተኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። በአንጻሩ ሞላው ወደ 25 ሄርትዝ የቀረበ እንደ ሆነ ንዝረቱን ያባብሰዋል። ሁለተኛው ርቀት ነው፤ በገላጣ ሥፍራ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሦስተኛው ምንም ወጪ የለውም፤ መኖ መፍጨትንና ሞተር መሞከርን እንቁላል ከተሰበሰበ በኋላ በረፋዱ መፈጸም ነው። ይሁንና መብራት ሰዓት መርጦ አይጠፋምና ሦስተኛው ያለ መጀመሪያው አይበቃም።

በቢሾፍቱ የዶሮ እርባታና የአየር ኃይል በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ የአውሮፕላኑን በረራ ማስቀረት የእኛ ሥልጣን አይደለም። የሞተሩ መሠረት ግን የእኛ ሥራ ነው። እንግዲህ የሞተር ቤት ንድፍ በእጃችን ሲገባ፣ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቃችን በፊት፣ «ዶሮዎቹ የሚያድሩት ወዴት ነው?» ብለን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ።