የብረት ሣጥን ቤት ይሆናልን?
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርለት ጉዳይ የብረት ሣጥን ነው፤ ይኸውም ዕቃ ተጭኖበት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ኮንቴይነር ነው። «በርና መስኮት አውጥተንለት ቤት ላጣው ሕዝብ ብንሰጠው ችግሩ ይቃለላል» የሚል ሐሳብ በመካከላችን ይነገራል። ይህ ሐሳብ ሳይመረመር መጣልም ሳይመረመር መጨብጨብም አይገባውም። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ጎጃም፥ ወደ ደምበጫ ወስደን እንፈትነው።

በመጀመሪያ የሣጥኑን ውለታ እንናገር። ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. 58 ሣጥኖችን «አይዲል ኤክስ» በተባለች መርከብ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ከላከ ወዲህ የዓለም ንግድ መልኩን ለውጧል። የተለመደው ትንሹ ሣጥን 6 ሜትር ያህል ርዝመትና 2.44 ሜትር ወርድ አለው። ማእዘኖቹ ጽኑ ስለ ሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፤ ምስጥም አይበላውም። በአምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በዚሁ ሣጥን አምሳል የተሠሩ 1000 ያህል ክፍሎች የተማሪዎች መኖሪያ ሆነዋል። በእኛም አገር በመንገድ ዳር ሱቅ፥ በግንባታ ቦታ ጽሕፈት ቤት ሆኖ እናየዋለን።

«የባዕድ ነገር ነውና ይቅር» የሚል ቢኖር አልስማማም። ባሕር ዛፍም ቆርቆሮም ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን ያለ እነርሱ የደምበጫን ቤት ማሰብ አይቻልም። ጥያቄው ከየት መጣ ሳይሆን ለኑሯችን ይስማማል ወይ ነው።

ሱቅ ሌላ፥ ቤት ሌላ ነው። ባለ ሱቅ ማታ ቆልፎ ይሄዳል፤ ባለ ቤቱ ግን በዚያው ያድራል። ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀን ፀሐይ ትለበልባለች፥ ሌሊት ብርዱ ይጠናል። የሣጥኑ ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ነው፤ ብረትም ሙቀትን ከጭቃ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት የሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ይህን ለመከላከል ግድግዳው ከውስጥ ቢለበድ፥ ቀድሞም 2.35 ሜትር ብቻ የነበረው የውስጡ ወርድ ይጠባል። አልጋ ከተዘረጋ በኋላ እንግዳ የት ይቀመጣል? ቡናው የት ይፈላል? እንጀራው የት ይጋገራል?

ወጪውንም እናስብ። ሣጥኑ ከጅቡቲ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደምበጫ እስኪደርስ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን ማውረጃው ክሬን ነው። የጭቃ ቤት ግን ቋሚውና ማገሩ ከጓሮ ባሕር ዛፍ፥ ምርጉ ከአፈርና ከጤፍ ጭድ፥ ጉልበቱም ከደቦ ይገኛል።

እንግዲህ የጭቃ ቤት እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ቋሚውን ምስጥ ይበላዋል፤ የግድግዳውን እግር የክረምት ዝናብ ያጥበዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ታውቋል፦ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፥ ወጣ ያለ የጣራ ክፈፍ፥ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ። አዲስ አበባ በሚገኘው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ግቢ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ከአፈር የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት አፈር ለከተማም እንደሚሆን አሳይቷል።

ታዲያ ከሣጥኑ የምንማረው የለም? አለ፤ እርሱም ልኩ ነው። የዓለም ወደቦች ሁሉ በአንድ ልክ ስለ ተስማሙ ሥራቸው ቀለለ። በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ አናጺዎችና ብየዳ ቤቶች በበር፥ በመስኮትና በጣራ ማዋቀሪያ ልክ ቢስማሙ፥ አስቀድሞ ተሠርቶ የሚገጠም ርካሽ ቤት በአገራችን እጅ ይገኛል። ብረቱን ትተን ልኩን እንውሰድ።

ሣጥኑም ቦታ አለው። ከቀዬው ለተፈናቀለ ሰው ፈጥኖ ለሚያስፈልግ ክሊኒክ፥ ለመድኃኒት ማከማቻ ይጠቅማል። ለጊዜው የተባለው መጠለያ ግን የዘላለም ቤት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አንርሳ። ቤት ግድግዳ ብቻ አይደለም። መሬት፥ ውሃ፥ መጸዳጃና መብራት ከሌለ ሣጥኑም ጭቃውም እኩል ናቸው። መሬት ያላገኘ ወጣት መምህር ሣጥን ቢሰጡት የት ያኖረዋል?

ጓደኞቼ፥ ነገ በፕላን ላይ የምንፈርመው እኛ ነን፤ በስሕተታችን የሚቀዘቅዘውና የሚቃጠለው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዕረፍት ወደ ጎጃም የምትሄዱ ሁሉ ቴርሞሜትር ያዙ። በአንድ የጭቃ ቤትና በአንድ የኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ በቀትርና ሌሊት እየለካችሁ ጻፉ፤ ስንመለስ ቁጥሩን ይዘን እንከራከር።